የእናቴ የጋቢና ወረፋ

መኪናው የሚበላሽበት ሰው የታደለ ነው። ይህን የምለው ለማላገጥ አይደለም፤ የማትበላሽ መኪና ባለችበት ቤት ስላደግኩ ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ግቢያችን ውስጥ የቆመችው ነጭ ዲኤክስ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ በሥራም ትበልጠኛለች። ቀለሟ ለቋል። የኋላ በሯ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። መሪዋ ወደ ግራ ሲዞር ክላክሷ በገዛ ፈቃዱ ይጮኻል። ሞተሯ ግን በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። በክረምት ይነሳል፣ በረመዳን ይነሳል፣ ቤንዚኗ ተሟጥጦ ሽታው ብቻ ሲቀርም ይነሳል። ጃፓኖቹ ምን ነክቷቸው እንዲህ አድርገው እንደሠሯት ማንም አያውቅም።

ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሰፈራችን መኪና ያላቸው ሌሎችም አሉ፤ ግን ሁሉም ሰበብ አላቸው። የአንዱ ባትሪ ወርዷል፤ የሌላው ፍሪሲዮን አልቋል። በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ጎረቤታችን ደግሞ የሰበቦችን ሁሉ ንጉሥ አግኝቷል፤ መኪናህን አውሰን ባሉት ቁጥር "ቻርጅ ላይ ናት" ይላል። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ በሙሉ በሻማ ሲደናበር እንኳ የሱ መኪና ቻርጅ ላይ ናት። አባቴ ግን ምን ይበል? መኪናው ደህና መሆኗን ሰፈሩ በየማለዳው በጆሮው ይሰማል።

አባቴ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው። ውሸት አይሆንለትም፤ እምቢ ማለትም አይሆንለትም። ከሁለቱ አንዱን የሚችል ሰው እንደምንም ይኖራል፤ ሁለቱንም ያጣ ሰው መኪና መግዛት አልነበረበትም። ስለዚህ ዲኤክሷ በስም የኛ፣ በሥራ የቀበሌው ሆነች። ሕመምተኛ ታደርሳለች፣ ሙሽራ ታመጣለች፣ የድንኳን ብረት ትሸከማለች፤ አንዴ የአንድ ሰው አልጋ ጣሪያዋ ላይ ተጭኖ ባለቤቱ አብሬ ካልተኛሁበት ይወድቅብኛል ሲል ደርሼበታለሁ።

ጋቢናው ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሕመምተኛ ካለ ሕመምተኛው ነው፤ ሕመምተኛ ከሌለ ሙሽራ፣ ሙሽራ ከሌለች ሽማግሌ፣ ሽማግሌ ከሌለ እንግዳ። የሹፌሩ ሚስት በዚህ ወረፋ ላይ ስሟ የለም፤ የቤት ሰው ናትና ኋላ ትጠጋጋለች። እናቴ በገዛ መኪናዋ ጋቢና ተቀምጣ አታውቅም። አንድ ዓመት ለዒድ ሙክት ገዝተን ከቢስቲማ ገበያ ስንመለስ ኋላ ሴቶች ሞልተው ስለነበር አባቴ ሙክቱን ጋቢና አስቀመጠው። እናቴ ከሦስት ሴቶች ጋር ተጣብቃ፣ የሙክቱን ማጅራት እያየች ደሴ ገባች። ቤት ስንደርስ ለሙክቱ ይሁን ለአባቴ ሳይታወቅ "እንኳን ደህና መጡ" ብላ የጋቢናውን በር ከፈተች።

እናቴ የሐርቡ ልጅ ናት። በቆላ አድጋ፣ ለትዳር ወደ ደሴ ብርድ የወጣች፣ እስካሁንም ከነጋቢዋ የምትንቀጠቀጥ ሴት ናት። ታናሽ እህቷ ዛሬም እዚያው ሐርቡ ነው የምትኖረው። የእናቴ ምኞት ትልቅ አልነበረም፤ አንድ ቀን ጋቢና ተቀምጣ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ከባሏ ጎን ሆና ሐርቡ መግባት። ሌላ ነገር ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ይህንንም የጠየቀችው እየሳቀች ነበር። እየሳቀች የጠየቀችን ሴት ደግሞ ማንም አይሰማትም።

ሁለቴ ሞክረው ነበር። በመጀመሪያው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ሙሽራ የጫነ ሚኒባስ ተበላሽቶ ቆሞ አገኘን። አባቴ በእርግጥ ቆመ። ሙሽራዋ ጋቢና ገባች። ሙሽራዋ ግን ወደ ደሴ ነበር የምትሄደው፤ ስለዚህ ዲኤክሷ ዞረች፤ እናቴም የሙሽራዋ ሻንጣ ጭኗ ላይ ተደርጎ፣ ሰው እያጨበጨበ፣ በማለዳ ወደተነሳችበት ቤት ተመለሰች። በሁለተኛው ኮምቦልቻ ደረሱ። እዚያ አንድ ሰው ሚስቱ ምጥ ይዟት መንገድ ላይ እጁን ሲያወናጭፍ ነበር። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ሻይ ቤት እስኪመሽ ጠበቀች። ወንድ ልጅ ተወለደ። አባትየው ልጁን በመኪናዋ ስም ልጥራው ቢል የሰፈራችን ሼህ ናቸው የከለከሉት።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ትል ነበር እናቴ፣ ዲኤክሷን በመስኮት እያየች።

እኔ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። የሥራ ቀኑን እዚያው ተከራይቼ አድራለሁ፤ ለእረፍት ደሴ እወጣለሁ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከክፍሉ አለቃ ጋር ስለ መኪና ስናወራ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገረኝ። እነዚያ ዲኤክስን የሠሩት ጃፓኖች መጀመሪያ መኪና ሠሪዎች አልነበሩም፤ የሽመና ማሽን ሠሪዎች ነበሩ። አባትየው ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም ማሽን ፈለሰፈ። አንዲት ክር ብቻ ብትበጠስ ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ የተበላሸ ጨርቅ እየሸመነ አይቀጥልም። ከዚያ ልጁ ወደ መኪና ዞረ፤ ይኸው እስከ ቧንቧ ውሃ ደረሱ።

ይህን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እኔም ሸማኔ፣ መኪናችንም የሸማኔ ልጅ! በሳምንቱ መጨረሻ ቤት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ዘረገፍኩት። አባቴ በኩራት ራሱን ነቀነቀ፤ የራሱን ዘር የሚያወሩለት ይመስል ነበር። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ሰማች። ከዚያ ቢላዋዋን አስቀመጠችና ጠየቀችኝ።

"ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆማል?"

"አዎ፣ ቀጥ ይላል።"

"ታዲያ ወደ መኪናው ሲዞሩ መቆሙን የት ጣሉት?"

አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብን።

ብዙም ሳይቆይ አክስቴ ከሐርቡ ደወለች። የተከለችው ማንጎ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍርቷል፤ በዚህ እሑድ ካልመጣሽ ዝንጀሮ ይጨርሰዋል አለቻት። እናቴ ለአባቴ ነገረችው፤ አባቴም ኢንሻአላህ እንሄዳለን አለ። እንግዲህ በሰፈራችን አንድ ሰው ሐርቡ እሄዳለሁ ካለ ሐርቡ መሄዱን የሚያውቀው እሱ መጨረሻ ላይ ነው። እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ መኪናዋ ሞላች። አንዲት ጎረቤት ኮምቦልቻ አራስ ልትጠይቅ፣ ሌላዋ አብራት ልትሄድ፤ ግድግዳ የሚጋራን ብረት በያጅ ሐርቡ ላለ ወንድሙ የሠራውን የብረት በር ሊልክ፣ ራሱም በሩን ተከትሎ ሊሄድ። ሼሁ ደግሞ ኮምቦልቻ ጉዳይ ነበራቸው። ሼሁ ማለት ጋቢና ማለት ነው። አባቴ ለሁሉም እሺ አለ። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ "መልካም" ብቻ አለች፤ እኔ እንኳ ተናድጄ ሳህኑን ሳጥብ ልሰብረው ነበር።

እሑድ ጠዋት በሩ ጣሪያ ላይ ታሰረ። ሴቶቹ ኋላ ገቡ። ሼሁ ከዘራቸውን ይዘው ጋቢናው በር ላይ ቆሙ። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ቁልፉን አዞረ።

አልተነሳችም።

እንደገና አዞረ። ማስነሻ ሞተሪኖው ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን አትነሳም። አባቴ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን ያያል። ይህ ሰው በዚህ ሁሉ ዘመን ኮፈን የከፈተው ውሃና ዘይት ለማየት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ነገር መንካት እንደ ሰው ጓዳ መግባት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው።

እናቴ ከጓዳ ጠራችኝ። ስገባ መሀረቧን ፈታ አሳየችኝ። አውራ ጣት የምታህል፣ አናቷ ላይ መዳብ ያለባት ጥቁር ነገር ነበረች። ወዲያው አወቅኳት። አባቴ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ከርሞ በነበረ ጊዜ አንድ የኮምቦልቻ መካኒክ መጥቶ፣ መኪናዋን ሌባ እንዳይወስዳት ከሞተሯ ክዳን ሥር ይህችን አውጥቶ ለእናቴ ሰጥቷት ነበር። ሩተር ይሏታል። እሷ ከሌለች መኪናዋ ብትለመንም አትነሳም ብሏት፣ እንዴት እንደምትወጣና እንደምትገባም አሳይቷት ነበር። እናቴ ያን ጊዜ ስኳር ጣሳ ውስጥ ነበር ያስቀመጠቻት።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"ጃፓኖቹ የረሱትን አስታወስኳት" አለች።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። መኪናዋ ስትታመም ሰው ይበተናል፤ ሰው ሲበተን ሩተሯ ትመለሳለች፤ ከዚያ ሁለቱ ብቻቸውን ይሄዳሉ። አንድ ነገር ብቻ ረሳች፤ የምትኖረው ደሴ ነው። እዚህ አገር የታመመ ይጠየቃል እንጂ ጥለውት አይሄዱም።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ያቺ መኪና አልነሳ አለች ሲባል ያመነ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም ሊያይ መጣ። የመጣው ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አልመጣም። ዳቦ መጣ፣ ቆሎ መጣ፣ የታሸገ ውሃ ያመጣም ነበር፤ ለማን እንዳመጣው አላውቅም። በረንዳው ሞላ። ወንዶቹ አባቴን "እንኳን በሰው አልሆነ" ይሉታል። ሴቶቹ እናቴን ይጠይቋታል፤ ትላንት እንዴት ዋለች? ማታ ስትገባ ድምጿ ደህና ነበር? እናቴ በልቧ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ "ደህና ነበረች" ትላለች። ምጥ ላይ ሆና በመኪናዋ ሐኪም ቤት የደረሰችው ሴትዮ ሳትቀር ያን ልጅ አዝላ ከኮምቦልቻ እየመጣች ነው ተብሎ ተደወለ። አንዲት አሮጊት ኮፈኑን እየዳበሱ ዓይን ነው የበላት አሉ፤ እንትፍ እንትፍም አሉባት። የኤሌክትሪክ መኪናው ባለቤት መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እኩያ የአባቴን ትከሻ ያዘው። "አብሽር፣ ያለ ነው" አለው።

ሼሁ በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ። ግቢው በሙሉ እጁን ዘረጋ። ይህች መኪና ስንቱን ታማሚ እንዳደረሰች፣ ስንት ሙሽራ እንዳመጣች ሼሁ እየቆጠሩ፣ አላህ ያሽራት እያሉ ዱዓ አደረጉ፤ ሰውም አሚን አለ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ከዚያ አባቴን አየሁት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሳቁ ሁሉ ከሆዴ ጠፋ። በጣም አሳዘነኝ፤ ሄጄ ልነግረው እግሬን ሳነሳ እናቴ ከኋላ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። የሷም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር፤ እጇ ግን አልላላም።

ሰፈሩ ተማከረና ወሰነ። ያ የኮምቦልቻ መካኒክ ዘንድ መድረስ አለባት። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ እስከ አስፋልቱ እንግፋትና ከዚያ አላህ ያውቃል አሉ። እዚህ ላይ ነገሩ ዞረ። ሼሁ ከዘራቸውን ሳብ አደረጉ፤ ዱዓ ሌላ ነው፣ ሞተር በሌለው መኪና ሐረጎን መውረድ ሌላ ነው ብለው ሚኒባስ ፈለጉ። ሴቶቹም ከኋላ ወረዱ። ብረት በያጁ በሩን ከጣሪያው ፈትቶ ተሸክሞት ሄደ። ጋቢናው ባዶውን ቀረ። በዚያች መኪና ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢናው ፈላጊ አጣ።

"እኔ እገባለሁ" አለች እናቴ።

ሰው ሁሉ ተቃወማት። ፍሬኑ እምቢ ቢልስ? ገደሉስ? እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ከባሌ አልለይም አለች። ኮፈኑን የዳበሱት አሮጊት፣ ሚስት ማለት እንዲህ ናት ብለው መረቋት፤ ሁለት ወንዶችም ሚስቶቻቸውን በጎን አዩ። እናቴ ጋቢና ገባች፤ እኔ ኋላ ገባሁ፤ በሩን ከውጭ ዘጉብኝ። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ገፋ። አባቴ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ክላክሷ ጮኸ፤ ሰውም በሕይወት አለች ብሎ እልል አለ።

አስፋልቱ ላይ ወጥተን፣ በራሷ ተንከባልላ፣ ከሰፈሩ ዓይን የሚሰውረን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ እናቴ አቁም አለችው። አባቴ አቆመ። ወረደች፤ ኮፈኑን ከፈተች፤ መሀረቧን ፈታች። አባቴም ወርዶ አጠገቧ ቆመ። እኔ በሩ ከውስጥ ስለማይከፈት የጎን መስታወቱ ላይ ተጣብቄ ነው ያየሁት። እሷ ክዳኑን አንስታ ሩተሯን ቦታዋ ላይ ስታስቀምጥ አባቴ ጎንበስ ብሎ እጇን ያይ ነበር። ክዳኑን ገጥማ እጇን በነጠላዋ ስትጠርግ ጠየቃት።

"ሰውን ሁሉ ዋሽቻለሁ ማለት ነው?"

"አንተ ምን አልክ? አትነሳም አልክ። ትነሳ ነበር?"

አባቴ እንደ ልማዱ ነገሩን በልቡ ደመረ፣ ቀነሰ። "አትነሳም ነበር" አለ። ከዚያ ደግሞ "ሩተሯን ለምን ነገርሽኝ አላልኩሽም? ማለቴ፣ ለምን አልነገርሽኝም?" እያለ ምላሱ ተሳሰረበት።

"ጋቢና መቀመጥ አማረኝ" አለች እናቴ። "ሌላ ነገር የለም። ሐርቡ በጋቢና መግባት አማረኝ።"

ይህን ስትል አልሳቀችም። ሳትስቅ ስትጠይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል አባቴ የሰማት። ኮፈኑን ራሱ ዘጋው፤ ዞሮ ሄዶ የጋቢናውን በር ከፈተላት። ቁልፉን ሲያዞር ዲኤክሷ እንደ ሁልጊዜዋ በመጀመሪያው ተነሳች።

ሐረጎን ስንወርድ እናቴ መስኮቱን እስከ መጨረሻ ከፈተች። ነፋሱ ነጠላዋን እየነጠቀ ኋላ እኔ ፊት ላይ ይጥለዋል። ኮምቦልቻን አልፈን ትንሽ እንደሄድን አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር ከዘራቸውን አነሱ። አባቴ ፍሬን ያዘ። አለቀልን አልኩ። ሽማግሌው እንደ ደንቡ ወደ ጋቢናው በር መጡ። እናቴ ለመውረድ እጇን ወደ እጀታው ሰደደች፤ ልማድ ክፉ ነው።

"አባባ፣ እርስዎ ከኋላ ይግቡ" አለ አባቴ። "ጋቢናው ሰው አለበት።"

ሽማግሌው ምንም ሳይከፋቸው አጠገቤ ገቡ። እናቴ ቀሪውን መንገድ በሙሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ስለሄደች ፊቷን አላየሁትም። ሐርቡ ስንገባ አክስቴ በር ላይ ነበረች፤ እህቷን ጋቢና ውስጥ ስታያት መጀመሪያ ታማ የመጣች መስሏት ደነገጠች። ከማንጎው ከፊሉን ዝንጀሮ ቀድሞን በልቶታል፤ የተረፈውን እስኪበቃን በላን።

ማታ ስንመለስ ሰፈሩ ወጥቶ ተቀበለን። ዱዓው ሰመረ ተባለ። አባቴ የሚለው ቢያጣ "አልሐምዱሊላህ፣ ተነሳች" አለ፤ እሱም እውነት ነው። ግን የዱዓው መሳካት ጣጣ አመጣ፤ ሰፈሩ ዱዓ አድርጎ ያዳናት መኪና ከድሮውም የባሰ የሰፈሩ ሆነች። በሳምንቱ ስመለስ ጋቢናው ላይ የጥርስ ሕመምተኛ ነበር። እናቴ ወደ ኋላ ወንበሯ ተመለሰች። እኔ ስበሳጭ እሷ "አንዴም ቢሆን ገብቻለሁ" አለችኝ፤ ይህ ደግሞ የባሰ አበሳጨኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እሑድ ጠዋት ደሴ ቤት ነበርኩ። ከግቢው ጫጫታ ሰምቼ ወጣሁ። አንዱ ጆንያ፣ አንዷ ምጣድ ይዘዋል፤ ሼሁም ከዘራቸውን ይዘው ጋቢናው በር ላይ ቆመዋል። አባቴ ኮፈኑን ደገፍ ብሎ፣ ጆሮውና አንገቱ ቀልቶ ይምላል።

"ወላሂ አትነሳም። ዛሬ አትነሳም።"

የአባቴን መሐላ የሚጠራጠር የለም። ሰዎቹ ሐዘናቸውን ገልጸው እጅጌያቸውን ሊሰበስቡ፣ ሊገፉ ተዘጋጁ። እናቴ ግራ ገብቷት አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ሮጣ ጓዳ ገባችና ስኳር ጣሳውን ከፈተች፤ ስኳር ብቻ ነበረበት። በዚህ መካከል አባቴ ተከትሎን ገባ። በሩን ገርበብ አድርጎ መዳፉን ከፈተ። ያች ጥቁር ነገር፣ ዘይቷን ሳይጠርጋት፣ መዳፉ ላይ ነበረች።

"ልበሺ እንጂ" አላት። "ማንጎው ያልቃል።"

እናቴ መዳፉን አየች፤ እሱን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ከመስቀያው አውርዳ ወጣች፤ በእንግዶቹ መሐል ሼሁን ይቅርታ ብላ አልፋ፣ በማትነሳው መኪና ጋቢና ገብታ ተቀመጠች፤ መስኮቱንም ከፈተችው።